ሹፌሩ ነው ወይስ መኪናው? የክትፎ ውርርድ ስላለበት ቶሎ መልሱልኝ

ማርሽ_5 · ሲልቨር ስፕሪንግ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። የባለቤቴ ወንድም እኛ ቤት መጥቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ የ2023 የፎርሙላ ዋን ቅንጭብ ይታያል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። አማቼ ስኒውን አስቀመጠና «ይሄ ምን ችሎታ አለው? ያንን መኪና ቢሰጡኝ እኔም አሸንፋለሁ» አለ። ልብ በሉ፣ መኪና ወደ ኋላ ሲያቆም የፖስታ ሳጥናችንን ሁለት ጊዜ የገጨ ሰው ነው።

እኔ የያዝኩት ሹፌሩን ነው። በዚያ ዓመት ማክስ ቨርስታፐን ከ22 ውድድር 19ኙን አሸነፈ። በዚያው በሬድ ቡል ቡድን ያንኑ መኪና የነዳው ሰርጂዮ ፔሬዝ 2 ብቻ። ነጥባቸው 575 ለ285። መኪናው አንድ፣ ውጤቱ ግን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ጨዋታው አለቀ ብዬ ወደ ኋላዬ ደገፍ አልኩ።

እሱ ግን «ፔሬዝ በዚያ ግማሽ ነጥብ ስንተኛ ወጣ?» አለኝ። ሁለተኛ። ከዓለም ሁለተኛ! «ታዲያ ሁለተኛ ያደረገው ማነው?» ብሎ ፈንዲሻውን አነሳ። መልስ አጣሁ።

የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዛል። ስንት ፐርሰንት ሹፌር፣ ስንት ፐርሰንት መኪና? እርዱኝ።

ቱርቦ_ልጅ · አዲስ አበባ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡52

ብሮ፣ ክትፎውን እዘዝለት። ተበልተሃል።

ጄንሰን በተንን ታውቀዋለህ? በ2008 ሆንዳ ነዳ። ዓመቱን ሙሉ 3 ነጥብ። ሦስት! በዓመቱ መጨረሻ ሆንዳ ጥሎ ወጣ። የቡድኑ አለቃ ሮስ ብራውን ቡድኑን በ1 ፓውንድ ገዛው። በ1 ፓውንድ! በ2009 በተን ከመጀመሪያዎቹ 7 ውድድሮች 6ቱን አሸነፈ፣ ዓመቱ ሲያልቅም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ክረምቱን መንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ገብቶ ነው? አይደለም። መኪናው ኋላ ላይ ከስሩ «ድርብ ዲፊዩዘር» የሚባል ነገር ተገጠመለት። አየሩን ከስር እየሳበ መኪናውን አስፋልቱ ላይ ይለጥፈዋል። ሌሎቹ ቡድኖች ነገሩ ሲገባቸው እነሱም ሠሩ። ከዚያስ? በተን በቀሩት 10 ውድድሮች አንድም አላሸነፈም። ሰውየው ያው ነው። በዝግጁ መኪና ንጉሥ፣ በተራ መኪና ተራ ሰው።

ቁጥር_ወዳድ · አዳማ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡15

ቱርቦ፣ ታሪኩ ልክ ነው፤ ግማሹን ግን ዋጥከው። በዚያው መኪና ውስጥ ሁለተኛ ሰው ነበረ። ሩቤንስ ባሪኬሎ። በነዚያ 7 ውድድሮች ስንት አሸነፈ? ዜሮ። ያመለጠችውን አንዷን ፌተል ቻይና ላይ በሬድ ቡል ወሰዳት። ባሪኬሎ ያሸነፈው በኋላ ነው፣ 2 ጊዜ፣ በተን በደከመበት ሰዓት።

ስለዚህ መኪናው በሩን ከፈተ፣ ገብቶ ዕቃውን ያወጣው በተን ነው። ያንን የፔሬዝ ክርክርም በዚሁ እዪው ማርሽ_5። መኪናው ሁለተኛ አደረገው። ከሁለተኛው እስከ አንደኛው ያለው 290 ነጥብ ግን መኪና አይደለም።

ማርሽ_5 · ሲልቨር ስፕሪንግ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡18

ወንድ ነኝ እህቴ ሃሃ። ግን ተባረኪ፣ ይቺን አሁኑኑ ልልክለት ነው።

ቱርቦ_ልጅ · አዲስ አበባ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡30

ገና አልጨረስኩም። የማክላረን ቡድን፣ 2023። ሹፌሩ ኖሪስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ውድድሮች 17ኛ እና 17ኛ ወጣ። ሐምሌ ላይ ሲልቨርስቶን መጡ። ማጣሪያው ላይ (የመነሻ ተራ የሚለይበት ነው) ሁለቱ የማክላረን ሹፌሮች ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው ቆሙ፤ ኖሪስ ውድድሩን ሁለተኛ ጨረሰ። በመካከል ምን ተፈጠረ? ሹፌሮቹ ያው ናቸው። የራስ ቁሩ ያው፣ ደሞዙ ያው። ኦስትሪያ ላይ አዲስ አካል ተገጠመለት፣ በቃ። አንድ ሰው በአራት ወር ውስጥ ከ17ኛ ወደ 2ኛ የሚያደርስ ችሎታ አይማርም።

ዝም_ብዬ_አንባቢ · አዋሳ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ይቅርታ፣ እኔ ጀማሪ ነኝ። ሁለት ሰው «አንድ ዓይነት መኪና» ነዳ ስትሉ በእርግጥ አንድ ዓይነት ነው? ፋብሪካ እንደሚያወጣቸው ሁለት ያሪሶች?

ጋሽ_ብሎን · አዲስ አበባ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ልጆች እንዴት አደራችሁ። ከቅዳሴ መመለሴ ነው። የጀማሪው ጥያቄ ከሁላችሁም ክርክር ይበልጣል፤ ለሱ ነው የምመልሰው።

እኔ 31 ዓመት ጋራዥ ሠርቻለሁ። ቴስታታ አውርጃለሁ፣ የፍሬን ሸራ ቀይሬያለሁ፣ ከጎሚስታ ጋር ተጣልቻለሁ። አንድ ነገር አውቃለሁ። ሁለት መኪና ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን ወጥቶ፣ ዓመት ሳይሞላው ሁለት የተለያየ እንስሳ ይሆናል። ሰውየው ነው የሚያደርገው። የታክሲ ባለቤት ሹፌር ሲቀይር ከፍሪሲዮኑ ይታወቃል።

ፎርሙላ ዋን ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይብሳል። መኪናው ገና ሲሠራ ለአንድ ሰው እጅ ይሠራል። ልብስ ሰፊ ጋ እንደመለካት በሉት። ቨርስታፐን የሚወደው አፍንጫዋ የሰላ መኪና ነው። መሪውን ነካ ሲያደርግ ፊቷ ወዲያው ኩርባው ውስጥ የምትገባ። ፊቷ እንደዚያ ሲሰላ ኋላዋ ይቀላል፣ ልታመልጥ ትፈልጋለች። እሱ ያንን ማምለጥ በእግሩና በመሪው ይይዘዋል፣ እንዲያውም ይደሰትበታል። ፔሬዝ ኋላዋ የረጋ መኪና ሲሰጡት ነው የሚሰለጥነው።

እንግዲህ ኢንጂነሮቹ ምን ያድርጉ? ፈጣኑን ልጅ ይሰማሉ። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር መኪናዋ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ትሄዳለች። የ2023ን መጀመሪያ አስታውሱ፤ ከአራቱ የመጀመሪያ ውድድሮች ሁለት ሁለት ተካፍለው ነበር። ከዚያ ቨርስታፐን 10 ተከታታይ አሸነፈ። በ2024 ልዩነቱ 437 ለ152 ሆነ፤ ፔሬዝ 8ኛ ወጣ። ፔሬዝ በአንድ ዓመት መንዳት ረሳ? ኮቱ ለሌላ ሰው ትከሻ ተሰፋ እንጂ።

ስለዚህ ልጄ፣ ከፊት ለፊት ስታያት አንድ ዓይነት መኪና ናት። መሪው ኋላ ስትቀመጥ ግን የሰው መኪና ናት።

ዝም_ብዬ_አንባቢ · አዋሳ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 3፡31

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ።

ቁጥር_ወዳድ · አዳማ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 4፡02

የጋሽ ብሎንን ነገር 2025 በደንብ አሳይቶናል። ፔሬዝ ወጣ፣ ሊያም ሎውሰን ገባ። ቻይና ላይ ማጣሪያውን መጨረሻ ወጣ። ከሁለት ውድድር በኋላ አነሱት። ጃፓኑ ዩኪ ሱኖዳ ገባ፣ በአገሩ፣ ሱዙካ ላይ። 12ኛ ጨረሰ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ትራክ፣ በዚያው መኪና ቨርስታፐን አሸነፈ።

ሎውሰን ሰነፍ ስለሆነ ነው እንዳትሉ። ወደ ሬድ ቡል ታናሽ ቡድን ሲመለስ በዚያው ዓመት ባኩ ላይ 5ኛ ወጥቷል። ከሱ በፊት ሌላው ሹፌር ጋስሊም እንዲሁ ነው። በ2019 መሃል ከሬድ ቡል ወደ ታች አወረዱት፤ ያ «ደካማ» ሰውዬ በዚያው ዓመት ብራዚል ላይ ሁለተኛ፣ በ2020 ደግሞ ሞንዛ ላይ አንደኛ ሆነ። በአነስተኛው መኪና!

ይሄ ግን ለማርሽ_5 መጥፎ ዜና ነው። «አንድ መኪና፣ ሁለት ሰው» የሚለው ማስረጃህ ተቀደደ።

ማርሽ_5 · ሲልቨር ስፕሪንግ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 4፡10

አንቺ ለማን ነው የቆምሽው?!

ማራቶን_አፍቃሪ · ሚኒሶታ
እሁድ፣ ከቀኑ 6፡45

ወገን፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ሆነን ይሄን እንከራከራለን? አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በ1960 በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። ሁለቱንም በዓለም ክብረ ወሰን። ጫማ ኖረ አልኖረ፣ አበበ አበበ ነው። ሰው ይቀድማል። በቃ።

ቱርቦ_ልጅ · አዲስ አበባ
እሁድ፣ ከቀኑ 6፡58

በናትህ ጫማና ፎርሙላ ዋንን አታገናኝ። እሺ እንገናኝ ካልክ ግን በርሊን 2023 እንሂድ። ትዕግስት አሰፋ 2፡11፡53። የድሮው ክብረ ወሰን 2፡14፡04 ነበር። ከሁለት ደቂቃ በላይ ነው የቀነሰችው። እግሯ ላይ የነበረው ጫማ 138 ግራም የሚመዝን አዲስ ጫማ ነው። ያኔ ፈረንጁ ሁሉ ስለ ጫማው ነው የጻፈው።

ማራቶን_አፍቃሪ · ሚኒሶታ
እሁድ፣ ከቀኑ 7፡03

ሼም ነው! የእህታችንን ድካም ለጫማ ትሰጣለህ? ያንን ጫማ አንተ ብታደርገው ከቦሌ መስቀል አደባባይ ትደርሳለህ? ፋራ!

አስተባባሪ
እሁድ፣ ከቀኑ 7፡20

ወንድሞች፣ ስድብ የለም። ስለ መኪናው ተከራከሩ።

ጋሽ_ብሎን · አዲስ አበባ
እሁድ፣ ከቀኑ 8፡05

ረጋ በሉ ልጆች። ቱርቦ ጫማው አገዘ ነው ያለው፣ ጫማው ሮጠ አላለም። ደግሞ ጫማ ምሳሌ አይሆንም። ያለ ጫማ ይሮጣል፣ አበበ አሳይቶናል። ያለ መኪና ግን ቨርስታፐንም እግረኛ ነው።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ ፈረስ ውሰዱ። አባቶቻችን ጀግናን በምን ስም ይጠሩ ነበር? ራስ አሉላን አባ ነጋ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ። እነዚህ የፈረስ ስሞች ናቸው። ሰውየውን በፈረሱ ስም ይጠሩታል! ስንት ፐርሰንት ፈረስ፣ ስንት ፐርሰንት ሰው ብሎ የጠየቀ የለም። አንድ ላይ ነበር የሚፎከርላቸው። ጉግስ ላይ ደግሞ ሰነፍ ፈረሰኛ በጥሩ ፈረስ ሲወድቅ፣ ጎበዝ ፈረሰኛ በደካማ ፈረስ ሲያዝ እናያለን። ሁለቱም ያስቃሉ።

ሰሎሜ_ዘአቡዳቢ · አቡ ዳቢ
እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ አሁን ነው ያየሁት፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ጋሼ የፈረሱን ነገር ወድጄዋለሁ።

እኔ ደግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ። በ2021 ዲሴምበር ያስ ማሪና በሚባለው የአቡ ዳቢ መወዳደሪያ ላይ ለአንድ ቀን የምግብ መስተንግዶ ሥራ አግኝቼ ነበር። ስለ ፎርሙላ ዋን የማውቀው ጆሮ እንደሚያደነቁር ብቻ ነው። የመርሴዲሱ ሃሚልተንና ቨርስታፐን እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው መጥተዋል አሉ። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር። ሰው ሁሉ ተጨናንቆ ቆሟል። ሃሚልተን ውድድሩን ይዞታል፤ ሰላጣ የማድለው ሰውዬ «አለቀ» አለኝ። ከዚያ ሌላ ልጅ ግድግዳ ገጨ። 5 ዙር ቀርቶ ሴፍቲ ካር (ሁሉንም ከፊት ሆኖ ቀስ አድርጎ የሚመራ መኪና) ወጣ።

ቨርስታፐን ፒት (ጎማ መቀየሪያው) ገብቶ አዲስ ለስላሳ ጎማ አስገጠመ። ሃሚልተን መሪ ስለሆነ ቦታውን ላለማጣት በአሮጌው ጠንካራ ጎማ ቀረ። አንድ ዙር ሲቀር ውድድሩ ተለቀቀ። የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ቨርስታፐን አልፎት ሻምፒዮን ሆነ። ሳህን ይዤ ነው የቆምኩት፣ ከፊቴ የነበረው ሰውዬ አለቀሰ። የእውነት አለቀሰ።

እንግዲህ ያቺን ዙር ሹፌሩ ነው ያሸነፈው? መኪናው ነው? እኔ በዚያን ቀን ያየሁት ጎማ ነው። ዳኛውም አለበት፣ የትኞቹ መኪናዎች ሴፍቲ ካሩን እንዲያልፉ እንደፈቀደ እስከዛሬ ይጨቃጨቁበታል። እናንተ ሁለት ነገር ነው የምትቆጥሩት። እኔ ብዙ ቆጠርኩ።

ቁጥር_ወዳድ · አዳማ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰሎሜ ትክክል ናት። ከዚህ ሁሉ የቀረበ ሙከራ ያለው ባሕሬን ላይ ነው፣ ሳኪር 2020።

ሃሚልተን ኮቪድ ያዘው። መርሴዲስ ከዊሊያምስ ቡድን ጆርጅ ራስልን ተዋሰ። ራስል እስከዚያ ቀን ድረስ በፎርሙላ ዋን አንድ ነጥብ አላገኘም፤ ዊሊያምስ ያኔ ከኋለኞቹ ቡድኖች አንዱ ነበር። ልጁ ረጅም ነው፣ መቀመጫው የተሠራው ለሃሚልተን ነው። እግሩ አልገባ ብሎ አንድ ቁጥር ያነሰ ጫማ አድርጎ ነዳ። ጫማ ይኸውላችሁ!

ማጣሪያው ላይ ስንተኛ ወጣ? ሁለተኛ። ከሌላው የመርሴዲስ ሹፌር ከቫልተሪ ቦታስ በ0.026 ሰከንድ ብቻ አንሶ። ቦታስ ደግሞ መኪናውን ለዓመታት የኖረበት ሰው ነው። ውድድሩ ሲጀመር ራስል በመጀመሪያው ኩርባ አለፈውና መምራት ጀመረ። ይሄን የሚያይ ሰው «መኪናው ነው!» ይላል። ልክ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ከኋላ ወደ መሪነት የወሰደው መኪናው ነው። ግን ያንኑ መኪና የለመደውን ቦታስን በጠባብ ጫማ የቀደመው ማነው?

ከዚያ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሆነ። ሴፍቲ ካር ሲወጣ ሁለቱን መኪናዎች አከታትለው ጠሩ፣ በጥድፊያ የቦታስን ጎማ ለራስል ገጠሙለት። እንደገና ጠሩት። አሁንም እየታገለ ወደ ፊት ሲመጣ ጎማው ተነፈሰ። 9ኛ ወጣ። ያሸነፈው ማነው? በመጀመሪያው ዙር ተገጭቶ መጨረሻ የነበረው ፔሬዝ! ያው የእኛ ፔሬዝ። በ190ኛ ውድድሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሬሲንግ ፖይንት።

ቱርቦ_ልጅ · አዲስ አበባ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡25

ያው ፔሬዝ? እሱን አላስታወስኩም። ፔሬዝ ስንቴ ነው በአንድ ክር የሚሞተውና የሚነሳው።

ዝም_ብዬ_አንባቢ · አዋሳ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡40

አንድ ጥያቄ ልድገም? መኪናው ይህን ያህል ከሆነ ለሹፌር ያንን ሁሉ ሚሊዮን ዶላር ለምን ይከፍላሉ? በዚያ ብር መኪናውን አያሻሽሉም?

ቁጥር_ወዳድ · አዳማ
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡00

ጥሩ ጥያቄ ነው። አይችሉም! ከ2021 ጀምሮ የወጪ ጣሪያ አለ። ሲጀመር 145 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከጣሪያው በላይ ለመኪናው ማውጣት ክልክል ነው። የሹፌር ደሞዝ ግን ከጣሪያው ውጭ ነው። ስለዚህ ብር የተረፈው ቡድን ፍጥነት መግዛት የሚችልበት አንዱ ሱቅ ሹፌሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡን እየው። በቡድን ጓደኛሞች መካከል ያለው ልዩነት በዙር 0.3 ሰከንድ ነው እንበል። ዓይን ሳይጨፈን ያልፋል። ባሕሬን 57 ዙር ነው። 0.3 በ57 ስታባዛ 17 ሰከንድ ይሆናል። መኪናዎቹ ተቀራርበው ሲሠሩ 17 ሰከንድ ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ይሰለፋል።

ሹፌሩ አይጠቅምም የሚል ጥናት እኔ አላየሁም። በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2016 ያወጡት አንድ ጥናት አለ፣ ከ1950 ጀምሮ ያለውን ውጤት ሰብስበው። ቡድኑ ከሹፌሩ እንደሚበልጥ፣ ብልጫውም ከዘመን ዘመን እየሰፋ እንደመጣ ነው ያገኙት። የቡድኑ ድርሻ የሚያንሰው በዝናብ እና በከተማ ጎዳና በሚደረግ ውድድር ነው። መኪናውን ከሒሳቡ ሲያወጡት ከሁሉ በላይ የቀረው ሹፌር አርጀንቲናዊው ፋንጂዮ ነው። በ1950ዎቹ 5 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው፣ በአራት የተለያየ ቡድን።

ፐርሰንት ለምትጠይቀኝ ለማርሽ_5 ግን የግሌን ልንገርህ። የሚደመር አይደለም፣ የሚባዛ ነው። ቡናውን ያፈላው ፍሙ ነው ጀበናው? አንዱን ዜሮ ስታደርገው ሁሉም ዜሮ ነው።

ቱርቦ_ልጅ · አዲስ አበባ
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡12

ዝናብ ካላችሁ እኔም አለኝ። ብራዚላዊው ሹፌር ሴና፣ ሞናኮ 1984። በቶልማን! ቶልማን የሚባል ቡድን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከ13ኛ ተነስቶ፣ ዝናቡ እንደ ቧንቧ እየወረደ፣ ሁለተኛ ደረሰ፤ ሲመራ የነበረውን ፕሮስትን ሊይዘው ሲል ውድድሩን አቋረጡት። መኪናውን አምላኪ ብሆንም ያቺን ቀን እሰግዳለሁ።

ጋሽ_ብሎን · አዲስ አበባ
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡30

ዝናብ ላይ የመኪናው ጉልበት ግማሹ ይበላል። ሞተር ቢኖርህ የት ታሳርፈዋለህ? ጎማው ይንሸራተታል። ያን ጊዜ ሰውየው ብቻውን ይቀራል። ደጀን ቁልቁለቱን ክረምት የወረደ ሹፌር ያውቀዋል።

ሴናን ካነሳህ የ1988ን ሞናኮ ጨምርበት። ያኔ ከፕሮስት ጋር አንድ ማክላረን ነበራቸው፤ መኪናዋ በዚያ ዓመት ከ16 ውድድር 15ቱን ወስዳለች። በማጣሪያው ሴና ፕሮስትን በ1.427 ሰከንድ ቀደመው። ፕሮስትን! ተራ ሰው አይደለም። በውድድሩ ቀን ግን ሴና ብቻውን እየመራ፣ የሚከተለው ሰው ሩቅ ሆኖ፣ 67ኛው ዙር ላይ ሐሳቡ ሄደና ግድግዳ ገጨ። ፕሮስት አሸነፈ። ሹፌር ማለት እንግዲህ ይሄም ነው። ፍጥነቱም የሱ፣ ስህተቱም የሱ።

ሰሎሜ_ዘአቡዳቢ · አቡ ዳቢ
እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡15

ሃሚልተንስ? እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ የሱ ደጋፊ ነኝ፣ ለሰውየው እንባ ብዬ። 105 ጊዜ ያሸነፈ ሰው በ2025 ፌራሪ ገባና ዓመቱን ሙሉ አንድ እሁድ እንኳ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ አልገባም። ቻይና ላይ ያሸነፈው የቅዳሜውን አጭር ውድድር ብቻ ነው። የቡድን ጓደኛው ልክሌር በዚያው ፌራሪ ስንት ጊዜ መድረኩ ላይ ወጣ። መኪናው ነው ብል ልክሌር አለ፣ ሰውየው ነው ብል 105ቱ አለ። እኔስ ምን ልበል?

ጋሽ_ብሎን · አዲስ አበባ
እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡22

የሌላ ሰው ኮት ነው ልጄ። ልክሌር ለዓመታት የተለካበት።

ማርሽ_5 · ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ወገኖች፣ አንድ ነገር አደረግን። ይሄን ሁሉ ሳነብለት አማቼ «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፣ ና እንሂድ» አለኝ። ዛሬ ከሥራ በኋላ የኪራይ ካርት ወዳለበት ቦታ ሄድን። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ትንንሽ ናቸው፣ መጋዘን ውስጥ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው ይላሉ። ልጁ ግን ቁልፍ ሲሰጠኝ በጆሮዬ «7 ቁጥር ትሮጣለች» አለኝ። ያዝኳት።

ለአማቼ 12 ቁጥር ደረሰው። በጥሩ ዙሬ 0.9 ሰከንድ ቀደምኩት። ክትፎው ሸተተኝ።

ከዚያ ተቀያየርን። እሱ 7፣ እኔ 12። አሁን እሱ በ0.3 ሰከንድ ቀደመኝ። 12 ቁጥር ኩርባ ላይ ፊቷ አይገባም፣ ቀጥ ብላ ግድግዳውን ነው የምታየው። ጋሽ ብሎን ትዝ አሉኝ።

ቁጥር_ወዳድ፣ ሒሳቡን ሥሪልኝ።

ቁጥር_ወዳድ · አዳማ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

ቀላል ነው። 7 ቁጥር ከ12 በምን ያህል እንደምትፈጥን ም እንበል፣ አንተ ከእሱ በምን ያህል እንደምትፈጥን ሰ እንበል። መጀመሪያ ሁለቱም ካንተ ጋር ነበሩ፤ ም ሲደመር ሰ፣ 0.9። ሲቀያየር ም ሲቀነስ ሰ፣ 0.3። ስለዚህ ም 0.6 ነው፣ ሰ ደግሞ 0.3። መኪናዋ ካንተ እጥፍ ትበልጣለች፣ አንተም ግን ከእሱ ትፈጥናለህ።

(የሚባዛ ነው ብዬ እንደደመርኩ አውቃለሁ። ሁለት ካርት ስለሆነ ነው፣ ተዉኝ።)

ማርሽ_5 · ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡11

ይሄንኑ አሳየሁት። «አሸነፍኩ፣ መኪናው እጥፍ ነው» አለ። እኔም «አሸነፍኩ፣ እፈጥንሃለሁ» አልኩ። ከዚያ ደግሞ አዲስ ነገር አመጣ። እኔ 71 ኪሎ ነኝ፣ እሱ 96። «ያቺ 0.3 ያንተ ችሎታ አይደለችም፣ የኔ ቦርጭ ናት» ይላል።

ቁጥር_ወዳድ · አዳማ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡19

እውነቱን ነው! ፎርሙላ ዋን ላይ በዚህ ምክንያት ነው በ2019 ሕግ የወጣው። ያኔ ሹፌሩ ከነመቀመጫው ቢያንስ 80 ኪሎ መሙላት ነበረበት፣ ከጎደለ ክብደት ይጨመርበት ነበር። ከዚያ በፊት ረጃጅሞቹ ልጆች ራሳቸውን ምግብ እየከለከሉ ነበር የሚነዱት። 10 ኪሎ በግምት በዙር 0.3 ሰከንድ ይበላል ይባላል፣ በነሱ መኪና።

ማርሽ_5 · ሲልቨር ስፕሪንግ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡24

ታዲያ ቦርጭ ከሹፌሩ ነው የሚቆጠረው ከመኪናው?

ጋሽ_ብሎን · አዲስ አበባ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ከክትፎው።